የደቦ ትምህርት፦ የገጠር መንደር ኑሮና የካምፓላ ልጆቻችን



በዘንድሮው የትምህርት ቤታችን መጽሔት የምናቀርበው ትምህርት ስለ መንደር ነው። ርዕሱን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በከፍተኛ ክፍሎች ያሉ ተማሪዎቻችን በእንግሊዝኛ የንባብ መጻሕፍታቸው ውስጥ ስለ እንግሊዝ ገጠር ያነባሉ። ስለዚያ መንደር ጻፉ ሲባሉ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ፖስታ ቤቱን፣ የመንደሩን አዳራሽ፣ በመስኩ ላይ የሚደረገውን የክሪኬት ጨዋታና የጓሮ አትክልት ውድድሩን አሳምረው ይጽፋሉ። አያቶቻችሁ ስለኖሩበት መንደር ጻፉ ስንላቸው ግን ወረቀቱ ላይ የምናገኘው ተራራ፣ ላም፣ ጎጆ ቤትና ወንዝ ነው። ሁሉም በዓይን የሚታይ ነገር ነው። በዚያ መንደር ሰብል ሲደርስ ማን ማንን እንደሚጠራ፣ ሰው ሲታመም ማን እንደሚሸከመው፣ ሰው ሲሞት ማን እንደሚቀብረው የሚጽፍ ልጅ ጥቂት ነው።

ልጆቹ አይወቀሱም። ብዙዎቹ የተወለዱት እዚሁ ካምፓላ ነው፤ ሌሎቹም ገና በእቅፍ ሳሉ የመጡ ናቸው። ያላዩትንና ያልነገርናቸውን ከየት አምጥተው ይጽፉታል? ስለዚህ የመናገሩ ግዴታ የእኛ የትልልቆቹ ነው።

ይህን ትምህርት ያነበበ ተማሪ ሦስት ነገር እንዲችል እንፈልጋለን። አንደኛ፣ ወንፈልን፣ ደቦን፣ ቅሬን፣ እቁብንና እድርን ለይቶ እንዲያስረዳ፤ ሁለተኛ፣ እነዚህ ልማዶች ለምን እንደጸኑ ምክንያታቸውን እንዲናገር፤ ሦስተኛ፣ በዩጋንዳ ጎረቤቶቻችን ዘንድ ካሉት ተመሳሳይ ልማዶች ጋር እንዲያነጻጽር። ወላጆችም እግረ መንገዳችሁን ከልጆቻችሁ ጋር ብታነቡት ደስ ይለናል። የምታርሙት፣ የምትጨምሩት ብዙ ነገር ይኖራችኋል፤ ልማዱ እንደ አገሩ ስሙም ደንቡም ይለያያልና።

1. መንደር ማለት ምንድን ነው?

በአንድ አካባቢ የተሰበሰቡ ቤቶች ብቻቸውን መንደር አይሆኑም። መንደር የሚሆኑት በቤቶቹ መካከል የታወቀ ግዴታ ሲኖር ነው። በአማራ ገጠር ጥቂት ቤቶች ተሰባስበው ጎጥ ይባላሉ። ጎጦች ተሰባስበው ቀበሌ ይሆናሉ። ቀበሌው የመንግሥት አስተዳደር ነው፤ በገጠር የተጠናከረውም ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ ነው። የመንደሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት፣ የሚረዳዱበትና የሚካሰሱበት ሥርዓት ግን ከአዋጁ በፊትም ነበረ፤ ከአዋጁ በኋላም ቀጥሏል።

ሌላውም አገር እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1894 በወጣ ሕግ የገጠር አጥቢያዎች ነዋሪዎች የራሳቸውን ምክር ቤት እንዲመርጡ ተደርጓል። እኛ በምንኖርባት ዩጋንዳ ደግሞ የአስተዳደሩ ትንሹ ክፍል መንደር ነው፤ ኤል ሲ ዋን የምንለው ማለት ነው። በሊቀ መንበሩ የሚመራ አሥር አባላት ያሉት ኮሚቴ አለው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2018 በተደረገው ምርጫ የየመንደሩ ሰው ከሚፈልገው ተወዳዳሪ ኋላ ተሰልፎ ነበር የመረጠው። ቤት ስንከራይ፣ ማስረጃ ስንፈልግ፣ ከጎረቤት ጋር ስንጋጭ መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ሊቀ መንበሩ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ ካባላጋላ ወይም ካንሳንጋ መሐል ከተማ ቢኖርም በአገሩ ሕግ አንድ መንደር አለው። «እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ መንደር አላውቅም» የሚል ተማሪ ይህን ያስታውስ።

2. ወንፈል፦ ቀን በቀን

ወንፈል የጉልበት ብድር ነው። እኔ ዛሬ አንተ ማሳ ላይ አንድ ቀን ብውል፣ አንተ ሌላ ቀን እኔ ማሳ ላይ አንድ ቀን ትውላለህ። ቀን በቀን ይመለሳል። ራሱ መምጣት ያልቻለ ልጁን ወይም ወንድሙን ይልካል። የሚቆጠርና የሚታወስ ነገር ነው።

በሒሳብ እንየው። ስምንት አባወራዎች አሉ እንበል። የእያንዳንዱ ማሳ አጨዳ ለአንድ ሰው ስምንት ቀን ይፈጃል። እያንዳንዱ ለብቻው ቢያጭድ ሁሉም በስምንት ቀን ይጨርሳሉ። ስምንቱ ተሰብስበው በየተራ ቢያጭዱስ? አንዱ ማሳ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ስምንቱም ማሳዎች በስምንት ቀን ያልቃሉ። አጠቃላይ ድካሙ ያው ስልሳ አራት የሰው ቀን ነው፤ አልቀነሰም። ታዲያ ምን ተጠቀሙ? በክፍል ውስጥ ይህን ጥያቄ ስናቀርብ ተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ።

መልሱ ያለው ሰብሉ ላይ ነው። ሰብል በአንድ ቀን እኩል አይደርስም። የአንዱ ማሳ ቆላ ነው፤ ቀድሞ ይደርሳል። የሌላው ዘግይቶ የተዘራ ነው። የደረሰ ጤፍ ከቆየ ፍሬው ይረግፋል፤ በኅዳር ያልታሰበ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ያጋደመው ሰብል ይበሰብሳል። ብቻውን የሚያጭድ ሰው ሰብሉ ስምንት ቀን ሙሉ ለአደጋ ይጋለጣል። በወንፈል የሚያጭድ ግን ሰብሉ በደረሰበት ቀን በአንድ ቀን ይነሳለታል። ወንፈል ድካምን አይቀንስም፤ ጉልበትን በሚያስፈልግበት ሰዓት አንድ ቦታ ያከማቻል። ተራውም በጉልበተኛነት ወይም በሀብት አይያዝም፤ ቀድሞ የደረሰ ሰብል ያለው ይቀድማል። ሰብሉ ኋላ የሚደርስለት ሰው ተራውን የሚጠብቀው የዛሬዎቹ ነገ እንደሚመጡለት ስለሚያምን ነው። ይህ እምነት ከሌለ ወንፈል በሁለተኛው ቀን ይፈርሳል።

የወንፈል ታናሽ ወንድም መቀናጆ ነው። እርሻ በሁለት በሬ ነው የሚታረሰው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ሌላ አንድ በሬ ያለው ጎረቤት ፈልጎ ይቀናጃል፤ ሁለቱን በሬዎች ጠምደው በየተራ ያርሳሉ። ግማሽ ያለው ከግማሽ ጋር ሲገናኝ ሙሉ ሥራ ይሠራል። ይህን ቃል ያዙት፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

3. ደቦ፦ ያለ ቆጠራ

ደቦ ከወንፈል ይለያል። በአንዳንድ አካባቢ ጅጌ ይሉታል፤ በኦሮሞ ዘንድም ጂጊ የሚባል ተመሳሳይ ልማድ አለ። ደቦ የሚጠራው ባለ ጉዳዩ ነው። ሰፊ አጨዳ ወይም አረም ሲኖርበት፣ ቤት ሲሠራና ጣራ የሚያነሳ ሰው ሲፈልግ፣ «እገሌ ደቦ አለበት» ተብሎ ጎጡ ይጠራል። ባለቤቲቱ አስቀድማ ጠላ ትጠምቃለች፤ እንጀራና ወጥ ታዘጋጃለች። በማለዳ ሰዉ ማጭዱን ይዞ ይመጣል። አንድ ድምፀ መልካም ሰው ያዜማል፤ ሌላው ይቀበለዋል፤ እጅም ከዜማው ጋር ይፈጥናል። እኩለ ቀን ላይ ምሳው ማሳው ዳር ይቀርባል። ሲመሽ ሽማግሌዎች መርቀው ይለያያሉ።

ባለቤቱ የሚያቀርበው ምግብ ደመወዝ አይደለም። ሒሳቡ ቢተሰብ የብዙ ሰው የቀን ጉልበት በእንጀራና በጠላ አይከፈልም። በደቦ የመጣ ሰው ደግሞ «አንድ ቀን አለኝ» ብሎ አይመዘግብም። ለዚህ ነው ደቦ ጉልበቷን መመለስ ለማትችለው ባሏ ለሞተባት ሴት፣ ለአረጋዊው፣ እግሩ ለተሰበረው ሰው የሚደርሰው። ድግስ እንኳ ማዘጋጀት ለማይችል ሰው ጎረቤቱ ስንቁን ይዞ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

አንድ መንደር ሁለቱንም ይፈልጋል። ወንፈል ብቻ ቢኖር ጉልበት የሌለው ሰው ከመንደሩ ውጭ ይሆናል፤ ደቦ ብቻ ቢኖር ደግሞ ለጋሱ ይደክማል፤ ሰነፉ ይጠቀማል። ወንፈል ፍትሕን ያስተምራል፤ ደቦ ርኅራኄን ያስተምራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረታችን የሁለቱንም ጥቅም በአንድ ላይ ይዟል።

4. ቅሬና ቃሬዛ

በወሎ ገጠር ቅሬ የሚባል ጠንካራ የመንደር ማኅበር አለ። ዋና ሥራው ቀብር ነው። ሰው ሲሞት የቅሬው አባላት መቃብር ይቆፍራሉ፤ ለቀስተኛውን ያስተናግዳሉ፤ ሐዘንተኛውን አይለዩትም። ሳያሳውቅ ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዋልዶ የሚኖርበት አገር በመሆኑ በብዙ ቦታ ሁለቱም በአንድ ቅሬ ውስጥ ይገኛሉ፤ እያንዳንዱ እንደ ሃይማኖቱ ሥርዓት ይቀበራል፤ የሚቀብረው ግን የመንደሩ ሰው ሁሉ ነው። ቅሬ በአባላቱ መካከል የተነሳ ጠብንም ያያል። ከሁሉ የሚፈራው ቅጣት ከቅሬ መውጣት ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት የሚጭርበት ቤት ያጣል፤ የሚቀብረውም አይኖረውም። እስር ቤትና ፖሊስ ሩቅ በሆነበት ገጠር ሰው ቃሉን እንዲጠብቅ የሚያደርገው ይህ ፍርሃትና ይህ ክብር ነው።

የመንደሩ ሰው የሚሸከመው የሞተውን ብቻ አይደለም። መኪና በማይገባበት ገጠር ምጥ የጠናባት እናት ወይም የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው በቃሬዛ ነው። ሁለት ረጅም እንጨት ይቀርባል፤ በመካከሉ ገመድ ወይም ጨርቅ ይወጠራል፤ አራት ሰው ይሸከማል፤ ሌሎች ከኋላ እየተከተሉ ይተካሉ። መንገዱ ረጅም ከሆነ ብዙ ተቀያሪ ያስፈልጋል። ብቻውን የሚኖር ሰው ቃሬዛ ቢኖረው እንኳ ምን ይጠቅመዋል?

ተማሪዎች፣ እዚህ ጋ ካርታችሁን አውጡ። በዩጋንዳ ደቡብ ምዕራብ ኪጌዚና አንኮሌ የሚባሉትን ተራራማ አካባቢዎች ፈልጉ። እዚያ ያሉ የመንደር ሰዎች እንጎዚ የሚባል ቃሬዛ አላቸው። በእንጎዚው ስም የተቋቋሙ ማኅበራትም አሉ፤ በሽተኛ ይሸከማሉ፤ ሙታን ይቀብራሉ፤ መዋጮ ይሰበስባሉ። የወሎ ገበሬና የኪጌዚ ገበሬ ተገናኝተው አልተመካከሩም። ሁለቱም ተራራ ላይ ይኖራሉ፤ ሁለቱም ሐኪም ቤት ይርቃቸዋል። ችግሩ ተመሳሳይ ሲሆን መፍትሔውም ተመሳሰለ።

5. እቁብ፣ ማኅበርና የልጆች ድርሻ

እቁብን አብዛኞቻችሁ በቤታችሁ ታውቁታላችሁ። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ ሃምሳ ሃምሳ ሺህ ሽልንግ ቢያዋጡ፣ በየወሩ ዕጣ የወጣለት ስድስት መቶ ሺህ ሽልንግ ይወስዳል። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ እንደተበደረ ነው፤ መጨረሻ የደረሰው እንዳጠራቀመ ነው። ሁሉም ያገኘው እኩል ነው፤ የተለየው ጊዜው ነው። ቀድሞ የወሰደ ሰው መክፈሉን ቢያቆም እቁቡ ይፈርሳል። ስለዚህ ዋስ ይጠራል።

ማኅበርም እንዲሁ በተራ የሚሄድ ነው። በክርስቲያኖች ዘንድ ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት በቅዱሱ ስም ይዞራል፤ በሙስሊሞች ዘንድ ጎረቤት ለዱዓና ለሰደቃ ይሰበሰባል። የዕለት ተዕለቱ መሰብሰቢያ ደግሞ ቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ድረስ የታመመው ይጠየቃል፤ የተጣላው ይታረቃል፤ የጠፋችው ፍየል የታየችበት ይነገራል።

ልጆችም ድርሻ አላቸው። በቡሄ ወንዶች ልጆች ጅራፋቸውን ይዘው በየቤቱ እየጨፈሩ ይዞራሉ፤ ሙልሙል ይቀበላሉ፤ መርቀው ይሄዳሉ። በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ ይላሉ። በነሐሴ አጋማሽ በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል እየተባለ ልጃገረዶች ይጫወታሉ። ይህን እንደ ጨዋታ ብቻ አትዩት። ልጁ በዓመት አንድ ቀን የጎረቤቱን ደጅ ሁሉ ያንኳኳል፤ የማን ቤት የት እንደሆነ፣ ማን አሮጊት እንደሆነች፣ ማን ሐዘን ላይ እንደሆነ ያውቃል። ሲያድግ ደቦ የሚጠራውንም ቅሬ የሚገባውንም መንደር በእግሩ ያጠናው ያን ጊዜ ነው።

6. የመንደሩ ጉድለት

ትምህርት የሚያወድስ ብቻ መሆን የለበትም። የመንደር ኑሮ ጉድለት ነበረበት፤ አለበትም። በደቦ ቀን የወንዶቹ አጨዳ በዜማ ሲወደስ፣ ከሌሊት ጀምሮ የጋገሩት፣ ውኃ የቀዱትና የጠመቁት ሴቶች ድካም አይቆጠርም ነበር። ሸክላ የምትሠራው፣ ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸማ የሚሸምነው በብዙ ቦታ ይናቁ ነበር፤ ማሳው የሚታረሰው ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ፣ ወጡ የሚሠራው ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት ሆኖ ሳለ። አቅም የሌለው ሰው ይሉኝታ ፈርቶ ለድግስና ለተዝካር ተበድሮ ይደኸያል።

ጉድለቱ ሊታረም እንደሚችል ግን ምሳሌ አለን። በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብ በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት ተመሠረተ። በዚያ መንደር የሴት ሥራና የወንድ ሥራ ተብሎ አይለይም፤ ሴት ታርሳለች፤ ወንድ ይጋግራል። በሌላ ቦታ ይናቅ የነበረው ሽመና የማኅበረሰቡ ዋና መተዳደሪያ ሆኗል። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤትም አላቸው። በአሳባቸው ሁሉ የማይስማማ ሰው ሊኖር ይችላል። አንድ ነገር ግን ያሳዩናል፤ የመንደር ደንብ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሰዎች ያወጡታል፤ ሰዎች ያሻሽሉታል።

7. እድር የማን ልጅ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደርሰናል። ደቦና ወንፈል የሚሠሩት ሰዎቹ ስለሚቆዩ ነው። ዛሬ ያጨድኩለት ጎረቤቴ በሚቀጥለው ዓመትም ጎረቤቴ ነው፤ አባቱ የአባቴ ጎረቤት ነበር። ሰው ከተንቀሳቀሰስ? ጎረቤት የማይተዋወቅ ከሆነስ?

ተማሪዎቻችንን «ከእነዚህ ሁሉ ጥንታዊው የቱ ነው?» ብለን ስንጠይቅ አብዛኞቹ እድር ይላሉ። ብዙ ተመራማሪዎች የሚሉት ግን ሌላ ነው። እድር የከተማ ልጅ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ለሥራ ከየአገሩ የመጣ ሰው በዛባት። ከጉራጌ አገር የመጡ ሠራተኞችና ነጋዴዎች በዚህ ረገድ ስማቸው በግንባር ቀደምነት ይነሳል። እነዚህ ሰዎች ከዘመድ ርቀዋል፤ የሚቀብራቸው መንደር ከኋላቸው ቀርቷል። ከተማ ውስጥ ብቻውን መሞት የሚያስፈራ ነገር ነው። ስለዚህ ተሰብስበው መዋጮ ጀመሩ፤ መዝገብ ከፈቱ፤ ዳኛና ጸሐፊ መረጡ። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ ልማዱ እየሰፋ ሄደ፤ በኋላም በመላ አገሪቱ ተስፋፋ።

እድር የመንደሩን ትውውቅ በምን ተካው? በጽሑፍ ተካው። የመተዳደሪያ ደንብ አለው፤ የወር ክፍያው ይታወቃል፤ ሰው ሲሞት የሚሰጠው ገንዘብ ይታወቃል፤ የቀረ ሰው ቅጣቱ ይታወቃል። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሳህን በጋራ ይገዛል። ሞት ሲኖር ጡሩምባ ነፊው በየሰፈሩ ያሰማል። አባላት ይመጣሉ፤ አባላት ይሄዳሉ፤ ድንኳኑ ይቆያል። አንድ ሰው ለዓመታት ከፍሎ አንድም ጊዜ ላይጠቀም ይችላል። በዓመቱ ግን የአሥር ሰዎችን እንባ አብሷል። ገንዘቤ ጠፋ አይልም።

8. ካምፓላ ላይ

ይህ ለእኛ ለምን ይጠቅማል? ሁላችንም የምናውቀውን እንናገር። እዚህ ከተማ ብዙዎቻችን አንድ እግራችንን አንስተን ነው የምንኖረው። አንዱ ፕሮሰስ ላይ ነው፤ አንዱ ከዘመድ የሚላክለትን ወረቀት ይጠብቃል፤ አንዱ አገር ቤት ለመመለስ ያስባል፤ አንዱ ንግዱ ከያዘለት ይቆያል። የዩጋንዳ የስደተኞች ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው፣ ስደተኛ ሠርቶ እንዲኖርና እንዲንቀሳቀስ ይፈቅዳል፤ ለዚህም አገሪቱን እናመሰግናለን። ልባችን ግን ብዙ ጊዜ ሻንጣው ላይ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ የመዘገብነው ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ ካናዳ ወይም አውስትራሊያ ይሆናል። ቀሪዎቹ ልጆች አንድ ቀን ጠዋት ባዶ ወንበር ያያሉ። ከዚያ በኋላ አዲስ ጓደኛ መያዝ የሚፈሩ ልጆች እንዳሉ መምህራኖቻችን ያውቃሉ።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ «ነገ የማላገኘውን ሰው ዛሬ ለምን ልርዳ?» የሚል አሳብ ቢመጣ አይገርምም። ዕዳው ግን ያለው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዳችን ካምፓላ ስንገባ የተቀበለን ሰው ነበር። አንዱ የአውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ መጣ፤ አንዱ ፍራሽ አነጠፈ፤ አንዱ ከሊቀ መንበሩ ጋር አስተዋወቀ፤ አንዱ የሉጋንዳ ሰላምታ አስተማረ፤ አንዱ ልጃችንን እጁን ይዞ ወደዚህ ትምህርት ቤት አመጣው። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ እዚህ የሉም። ወንፈላቸውን ቀን በቀን ልንመልስላቸው አንችልም። የምንመልሰው ነገ ለሚመጣው ነው። መንደር ውስጥ ብድሩ ወደ ሰጪው ይመለሳል፤ እንደኛ ባለ ማኅበረሰብ ውስጥ ግን ብድሩ ወደ ፊት ይሄዳል።

ይህ በመልካም ልብ ብቻ አይሠራም፤ እድር ያስተማረን ይህን ነው። ሞት ሲመጣ፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት መሸኘት ሲያስፈልግ፣ ስልክ ተይዞ በሩጫ መዋጮ የሚሰበሰብበት ጊዜ አለ። ያኔ የሚያውቀው ሰው የበዛ ይረዳል፤ ብቸኛው ይቸገራል። ደንብና መዝገብ ያለው ግን ሳይታወቅም ይረዳል። የሚሄድ ሰውም ኃላፊነቱን ርክክብ አድርጎ ይሂድ። የያዘውን መዝገብ፣ የያዘውን ቁልፍ፣ ይጠይቃት የነበረችውን አሮጊት ለሌላ ሰው አስረክቦ ይሂድ። ሻንጣ ከመዝጋት በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

ጎረቤቶቻችንንም አንርሳ። በቡጋንዳ ቡሉንጊ ብዋንሲ የሚባል ልማድ አለ፤ ለአገር መልካም ሲባል የሚሠራ የጋራ ሥራ ማለት ነው። መንገድ ይጠረጋል፤ ምንጭ ይጸዳል። ሰዉ የሚጠራው «ሳጋላ አጋላሚዴ» በሚባለው የከበሮ ምት ሲሆን ትርጉሙ «የተጋደመ ሰው አልፈልግም» ማለት ነው። ሙኖ ሙካቢ፣ ማለትም በችግር ጊዜ ወዳጅ፣ የሚባሉት ማኅበራት ደግሞ ለቀብርና ለሠርግ ይረዳዳሉ፤ ድስትና ወንበር በጋራ ይገዛሉ። እድርን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። እኛ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ባጋንዳዎች ደግሞ አብረው ያሉ ጥርሶች ናቸው ሥጋ የሚበሉት ይላሉ። የሰፈራችሁ ቦይ ሲጸዳ አካፋ ይዛችሁ ብትወጡ፣ ጎረቤት ሲሞት ሄዳችሁ ብትቀመጡ፣ መንደራችሁ ያውቃችኋል።

9. ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ

በሚቀጥለው የትምህርት ዓመት በትምህርት ቤታችን አንድ ነገር እንጀምራለን፤ ስሙም መቀናጆ ነው። አዲስ የመጣ ተማሪ ሁሉ ከአንድ ነባር ተማሪ ጋር ለአንድ ተርም ይቀናጃል። ነባሩ ሉጋንዳና እንግሊዝኛ ያግዘዋል፤ መንገዱን ያሳየዋል፤ በምሳ ሰዓት ብቻውን አይተወውም። አዲሱ ደግሞ ከአገር ቤት ይዞት የመጣውን አማርኛና ጨዋታ ያካፍለዋል። ግማሽ ያለው ከግማሽ ጋር ይጠመዳል። ትምህርት ቤታችንን ለቆ የሚሄድ ተማሪም መጻሕፍቱንና የተቀናጀውን ጓደኛ በመምህሩ ፊት ለሌላ ተማሪ አስረክቦ፣ በክፍል ተመርቆ ይሄዳል። ዝም ተብሎ የሚጠፋ ወንበር እንዳይኖር እንፈልጋለን።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ. በወንፈልና በደቦ መካከል ያለውን ልዩነት በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ጉልበት የሌለው ሰው በየትኛው ይረዳል? ለምን?

ለ. ስድስት ገበሬዎች አሉ። የእያንዳንዱ ማሳ አረም ለአንድ ሰው ስድስት ቀን ይፈጃል። በወንፈል ቢያርሙ አንዱ ማሳ በስንት ቀን ያልቃል? ስድስቱስ? ማን ይቅደም ትላላችሁ? ምክንያታችሁን አስረዱ።

ሐ. ቃሬዛና እንጎዚ በሁለት የተራራቁ አገሮች ሊመሳሰሉ የቻሉት ለምንድን ነው?

መ. እድር ሰዎች ባይተዋወቁም እንዲረዳዱ ያስቻለው ምን ምን ነገር ስላለው ነው? ቢያንስ አራት ነገሮች ጥቀሱ።

ሠ. የሰፈራችሁ የኤል ሲ ዋን ሊቀ መንበር ማን እንደሆኑ ጠይቃችሁ እወቁ። ሰፈራችሁ በጋራ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው?

ረ. የቤት ሥራ ከወላጅ ጋር፦ እናታችሁን፣ አባታችሁን ወይም አሳዳጊያችሁን «ካምፓላ ስንገባ መጀመሪያ የተቀበለን ማን ነው? ምን አደረገልን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በአማርኛ በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ። ከጽሑፋችሁ ሥር እናንተ ያንኑ ነገር ለማን ልታደርጉ እንደምትችሉ አንድ መስመር ጨምሩ።